ጭቃው የያዘው ጉድ፤ ከቴክሳስ የባሕር ዳርቻ እስከ ቬትናም

ከሂውስተን ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ፖይንት ኮምፈርት ከምትባል አነስተኛ የባሕር ዳር ከተማ ይደርሳል። ሂውስተንና ዳላስ ውስጥ ካለው የወገናችን ብዛት አንጻር፣ በዚያ መንገድ በጭነት መኪና ያለፈ ወይም ለዕረፍት ቀኑ መንጠቆውን ይዞ ወደዚያ የወረደ አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ከድልድዩ ላይ ሆኖ የሚያየው ሰፊና ጸጥ ያለ ውሃ ላቫካ ቤይ ይባላል። ከዳር ደግሞ ሌሊት እንደ ከተማ የሚያበራ የቧንቧና የጭስ ማውጫ ጫካ ይታያል፤ የፎርሞዛ ፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። ውሃውን ለዓይን ያየ ሰው ምንም እንከን አያወጣለትም። ጉዱ ያለው ከውሃው ሥር፣ ደለሉ ውስጥ ነው።

"የአገራችን ጉዳይ አልቆ ነው እንዴ ስለ ቴክሳስ የባሕር ጭቃ የምናነበው?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሰኝ። ነገሩ የጭቃ ብቻ አይደለም። የአንድ ኩባንያ ቤተሰብ በሁለት አገሮች ባሕር ላይ ያደረሰው ጉዳት ታሪክ ነው። በአንደኛው አገር አንዲት ዓሣ አስጋሪ እናት ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቁመው አስከፍለውታል። በሌላው አገር ደግሞ ስለ ጉዳዩ የጻፈችው እናት ወህኒ ወርዳለች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ባዜቃው መጣ

የላቫካ ቤይ ጭቃ ጣጣ የጀመረው ፕላስቲክ ከመምጣቱ በፊት ነው። አልኮዋ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ አሉሚኒየም ኩባንያ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ፋብሪካ ተከለ። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ከጨው ውሃ ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ የሚያመርት ክፍል ጨመረበት። በዚያ ዘመን ይህ ሥራ የሚሠራው በአማርኛችን ባዜቃ በምንለው በሜርኩሪ አማካይነት ነበር። ባዜቃው ከፍሳሹ ጋር ወደ ባሕሩ ወረደ፤ ከባድ ስለሆነም ከደለሉ ጋር ተቀላቅሎ ተኛ። ክፍሉ የተዘጋው በ1979 ነው። ባዜቃው ግን አብሮ አልተዘጋም።

ምክንያቱን ለመረዳት የባሕር ሥር ጭቃ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጭቃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ሲባል ኦክስጅን ያልቃል። እዚያ ውስጥ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተራውን ባዜቃ ሜትል ሜርኩሪ ወደሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ ይለውጡታል። ትሉ ይህን ይበላል፣ ሸርጣኑና ሽሪምፑ ትሉን ይበላሉ፣ ዓሣው እነሱን ይበላል፣ በመጨረሻ ሰው ዓሣውን ይበላል። በእያንዳንዱ ደረጃ መርዙ እየተከማቸ ይሄዳል። ጃፓኖች ይህን በሚናማታ ከተማ በ1950ዎቹ በልጆቻቸው አካል ተምረውታል። በነገራችን ላይ የሚናማታውም ባዜቃ ከፕላስቲክ ጋር ዝምድና አለው። ቺሶ የተባለው ኩባንያ አሴታልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ሲያመርት ባዜቃ ይጠቀም ነበር፤ ከዚያ ኬሚካል ደግሞ ለፒቪሲ ፕላስቲክ ማለስለሻ የሚሆን ቅመም ይወጣል።

ወደ ቴክሳስ እንመለስ። በ1988 የስቴቱ ጤና ባለሥልጣናት ከፋብሪካው አጠገብ ካለው የላቫካ ቤይ ክፍል ዓሣና ሸርጣን ማስገር ከለከሉ። በ1994 የፌዴራሉ መንግሥት ቦታውን በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉት ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ ሱፐርፈንድ የሚባለው ማለት ነው። በ2000 የተከለለው ቦታ ጠበብ ተደረገ፤ ክልከላው ግን አልተነሳም። ፋብሪካው ባዜቃውን ያፈሰሰው ለ13 ዓመት ነው። ጭቃው የያዘው ግን የልጅ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ነው።

ምስር የምታክለው እንክብል

በ1983 ሥራ የጀመረው ፎርሞዛ ፕላስቲክ የታይዋን ኩባንያ ነው። ክሎሪንን ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚገኝ ኬሚካል ጋር እያዋሐደ ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ በዱቄት መልክ ያመርታል። ሌሎቹን፣ ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፕሊን የሚባሉትን ደግሞ በእንክብል መልክ ያወጣል። እንክብሏ ምስር ታክላለች፤ ነጭ ወይም ብርሃን የምታሳልፍ ናት። አገር ቤት ፌስታል የምንለው፣ ጄሪካኑ፣ የውሃ ቱቦው፣ የገበታው ላስቲክ... ሁሉም መነሻው ይህን የመሰለ ጥሬ እንክብል ወይም ዱቄት ነው። በከረጢትና በባቡር ታንከር ተጭኖ ወደ ዓለም ሁሉ ይሄዳል፤ እዚያ ቀልጦ ዕቃ ይሆናል። በየጭነቱና በየማራገፊያው የሚፈሰው በጎርፍ ታጥቦ ወደ ጅረት፣ ከጅረቱ ወደ ባሕር ይገባል።

"ታዲያ ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል እንጂ መች ይሰምጣል?" የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የፒቪሲው ዱቄት ከውሃ ስለሚከብድ ወዲያው ይሰምጣል። ሌላው መጀመሪያ ይንሳፈፋል። ቆይቶ ግን አልጌና ሌላ ጥቃቅን ሕይወት ይለብሳል፣ ጭቃ ይጣበቅበታል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል። ወይም ማዕበል ወደ ዳር ይተፋውና ከረግረጉ ሣር ሥር ይቀበራል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሪቻርድ ቶምሰን በ2004 ከፕሊመዝ አካባቢ የባሕር ዳርና የባሕር ሥር ደለል ወስዶ ሲመረምር በዓይን የማይታይ የፕላስቲክ ብናኝ ሞልቶ አገኘ። ዛሬ በየሬዲዮው የምንሰማው "ማይክሮፕላስቲክ" የሚለው ቃል የተስፋፋው ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ነው። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ፊት ለፊት ካለው የባሕር ሥር ደለል ረጅም ናሙና ሰርስሮ አወጣ። ደለሉ ዓመት በዓመት እየተደራረበ ስለሚቀመጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይነበባል። የተነበበውም ይህ ነው፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የፕላስቲኩ ብናኝ በየ15 ዓመቱ ገደማ እጥፍ እየሆነ ሄዷል።

አሁን ወደ ኬሚካሉ። ያለቀለት የፕላስቲክ ዕቃ ንጹሕ ፕላስቲክ አይደለም፤ ቅመም ይገባበታል። ለስላሳ እንዲሆን ፍታሌት የሚባሉ ኬሚካሎች፣ እሳት እንዳይበላው ብሮሚን ያለባቸው፣ ፀሐይ እንዳይሰብረው ሌሎች። ብዙዎቹ ከፕላስቲኩ ጋር በጥብቅ አልተያያዙም፤ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ውሃ ስለማይወዱም ውሃው ውስጥ አይቆዩም፣ ጭቃው ላይ ይለጠፋሉ። ብርሃንና ኦክስጅን በሌለበት ደለል ውስጥ መበስበሳቸው እጅግ የዘገየ ነው።

ከፋብሪካ የምትወጣዋ ጥሬ እንክብልስ? እሷ ገና ብዙ ቅመም አልገባባትም፤ ሆኖም ሌላ ጠባይ አላት። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2001 እንዳሳዩት፣ ባሕር ውስጥ የቆየች እንክብል በውሃው ውስጥ ያሉትን ፒሲቢና ዲዲቲን የመሳሰሉ አሮጌ መርዞች እንደ ስፖንጅ ትሰበስባለች። ክምችቱ በዙሪያዋ ካለው ውሃ ጋር ሲነጻጸር እስከ ሚሊዮን እጥፍ ይደርሳል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር ሂደሺጌ ታካዳ ይህን ጠባይ ለበጎ ተጠቅመውበታል። ከ2005 ጀምሮ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ከባሕር ዳር እንክብል ለቅመው በፖስታ እንዲልኩላቸው ጠየቁ፤ በዚያም የዓለምን የባሕር ዳርቻ ብክለት ካርታ መሥራት ጀመሩ። ፖስታና እንክብል ብቻ! ትልልቅ ላቦራቶሪ የሌላቸው አገሮች ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ተካተዋል።

ባሕር የሌለው አገር ሰው ምን አገባው?

ስለ ባሕር በር ስንከራከር ውለን የምናድር ሕዝብ ነን። ስለ ባሕሩ ራሱ ስናወራ ግን እምብዛም አልሰማሁም። አገራችን ጥሬ ፕላስቲኩን የምታስገባው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። የተጣለው ፌስታልና ሃይላንድ ግን አብዛኛው ባሕር አይደርስም። የአዲስ አበባ ወንዞች አቃቂን ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽ ደግሞ፣ ሁላችንም አራተኛ ክፍል እንደተማርነው፣ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ የባሕር ሥር ደለል የየሐይቃችንና የየግድባችን ደለል ነው። በ2020 የታተመ የዝዋይ ሐይቅ ጥናት በሐይቁ ዳርቻ ደለል ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ከተመረመሩት ዓሦች ሲሶ ያህሉ ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ነበረ። አዲስ አበባ ላይ በጾም ወቅት የሚጠበሰው ዓሣ ከየት እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2007 ወጥቶ ነበር። ፌስታሉ ግን በየአጥሩ እሾህ ላይ እየተውለበለበ ቀጠለ። በጁን 2025 ፓርላማው ጠንከር ያለ ሌላ አዋጅ አጽድቋል። ወደ ፍሬ ነገሩ ስንመጣ፣ በአዋጁና በጭቃው መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ቴክሳስ ውስጥ ያ ሰው ተገኝቷል።

ወይዘሮ ዊልሰንና ከረጢቶቻቸው

ዳያን ዊልሰን በ1948 የተወለዱ፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሽሪምፕ በማስገር የሚተዳደር ቤተሰብ ልጅ ናቸው። የሚኖሩት ከፖይንት ኮምፈርት ብዙም በማትርቀው ሲድሪፍት ነው። በ1989 አንድ የሥራ ባልደረባቸው ያመጣላቸውን የጋዜጣ ቁራጭ አነበቡ። የፌዴራሉ መንግሥት ፋብሪካዎች የሚለቁትን መርዝ በዝርዝር እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቶ ነበርና የመጀመሪያው ውጤት ሲገለጽ፣ የእሳቸው ትንሽ ካውንቲ ካልሁን ወደ መሬት በሚለቀቅ መርዝ ከአሜሪካ አንደኛ ሆና ተገኘች። ፎርሞዛ በወቅቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ማስፋፊያ ሊጀምር ነበር። የአካባቢው ሹማምንትም የሥራ ዕድል መጣ ብለው እያጨበጨቡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ይህ ጸሐፊ አገር ቤት በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢነት ዓመታት አሳልፏል። ፋብሪካ ሲመረቅ ፎቶው የፊት ገጽ ላይ ይወጣል። መቀሱም ሪባኑም ሚኒስትሩም ቦታቸው የታወቀ ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ ግን የትኛው ገጽ ላይ እንደሚወጣ የሚነግር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። "በባለሙያዎች እየተጣራ ነው" የምትለው ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ስንት ዜና እንደዋጠች ብንቆጥር ጥሩ ጥራዝ ይወጣው ነበር። ሲድሪፍትም ነጻ ፕሬስ ባለበት አገር ሆና እንኳ ዝምታው ያው ነበር። ሴትዮዋ ስብሰባ ሲጠሩ ጎረቤት አኮረፋቸው፣ እብድ ነች ተባሉ።

ስለ ጎረቤት ካነሳን ሌላም ታሪክ አለ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1979፣ ሲድሪፍት ውስጥ ነጮቹ ዓሣ አስጋሪዎችና ከጦርነት ሸሽተው የመጡት ቬትናማውያን በሸርጣን ወጥመድ ቦታ ተጣሉ። አንድ ነጭ ተገደለ፣ የስደተኞቹ ጀልባዎች ተቃጠሉ፣ ኩ ክለክስ ክላን መጣ። ተከሳሾቹ ቬትናማውያን ራሳቸውን ለመከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጡ። ሰዎቹ በሸርጣን ሲጋደሉ፣ የአልኮዋ ባዜቃ በቅርቡ ባለው ባሕር ለ13 ዓመት ሲወርድ ቆይቶ ክፍሉ የተዘጋበት ያው ዓመት ነበር። ስደተኛው ላይ የዘመተው ክላን ወደ ፋብሪካው በር ሄዶ ሲጮህ አልታየም።

ዊልሰን የረሃብ አድማ አደረጉ፣ ታሰሩ፣ በ1994 የገዛ ጀልባቸውን በፋብሪካው ፍሳሽ መውጫ ላይ ለማስመጥ ሞከሩ። ኩባንያው በተለያየ ጊዜ ቃል ገባ፣ የፌዴራሉ መንግሥትም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጣው። ሥራው ግን ቀጠለ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሴትዮዋ ስልት ለወጡ። ከ2016 ጀምሮ እሳቸው፣ የፋብሪካው የቀድሞ ሠራተኞችና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በኮክስ ጅረትና በላቫካ ቤይ ዳር እየተንበረከኩ እንክብልና ዱቄት መልቀም ጀመሩ። ከጭቃው፣ ከሣሩ ሥር፣ ከውሃው ገጽ። እያንዳንዱ ናሙና በላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው ይጻፍበታል፤ ፎቶ ይነሳል። ዛሬ ለቀማ፣ ነገ ለቀማ፣ ክረምት ከበጋ። ከ2 ሺህ በላይ ናሙና ተከማቸ።

በሰልፍ መፈክር ድምፃችን ለሚዘጋው ለእኛ፣ ይህ የከረጢት ሥራ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ከጀልባው ማስመጥ ይልቅ የማረከኝ እሱ ነው። ጩኸቱን ኩባንያው ለምዶታል። ቀንና ቦታ የተጻፈበት ከረጢት ግን "ውሸት ነው" ተብሎ አይታለፍም።

ፍርዱ

በአሜሪካ የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ ለተራ ዜጋ አንድ ትልቅ በር ከፍቷል። መንግሥት ሕጉን ካላስከበረ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው 60 ቀን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ራሱ መክሰስ ይችላል። ዊልሰንና ባልደረቦቻቸው ለድሆች ጥብቅና በሚቆም ድርጅት ጠበቆች እየታገዙ በ2017 በዚህ በር ገቡ። የቴክሳስ ስቴት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነገሩ ፍርድ ቤት ሊሰማ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በ2019 መጀመሪያ፣ ፎርሞዛን ወደ 122 ሺህ ዶላር ቀጣው። ለቢሊዮን ዶላር ኩባንያ ይህ የሻይ ገንዘብ ነው። በማርች 2019 ችሎቱ ቪክቶሪያ ከተማ ተሰየመ። ናሙናዎቹ በሳጥን ተጭነው ፍርድ ቤት ደረሱ።

ዳኛው ኬኔት ሆይት ናቸው፤ በፕሬዚዳንት ሬገን የተሾሙ ዳኛ። የኩባንያው የሥራ ፈቃድ የሚንሳፈፍ ጠጣር ነገር ከኢምንት በላይ እንዳይለቅ ይከለክላል። ዳኛው በጁን 2019 በሰጡት ውሳኔ ኩባንያው ይህን ደጋግሞ መጣሱን አረጋግጠው "ተደጋጋሚ አጥፊ" አሉት። በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚህ ሕግ ዜጎች ባቀረቡት ክስ እስከዚያ ጊዜ ከተከፈለው ሁሉ ትልቁ ነበር። ገንዘቡ ወደ ከሳሾቹ ኪስ አልገባም፤ ለባሕሩ ማገገሚያ በተቋቋመ የአደራ ፈንድ ተቀመጠ። ከዚያ ውስጥ 20 ሚሊዮኑ ለአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተመደበ።

ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው ሌላው አንቀጽ ነው። ፋብሪካው ከዚያ በኋላ አንዲት እንክብል እንኳ ላይለቅ ተስማማ። ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ይመረምራል፤ በተገኘ ቁጥር ኩባንያው ይከፍላል፤ ክፍያውም በየጊዜው እያደገ ይሄዳል። ተገኝቶም ከፍሏል፤ ጥሰቱ በመቶዎች ይቆጠራል።

ይህ ማለት ጭቃው ጸዳ ማለት አይደለም። ከረግረግ ሥር እንክብል መልቀም ጤፍ ውስጥ የገባ አሸዋ እንደመልቀም ነው፤ በማሽን ሲቆፈር ደግሞ ሣሩም ሕይወቱም አብሮ ይነሳል። የባዜቃውም ነገር እንዲሁ። ለትልልቅ የነዳጅ መርከቦች ሲባል የወደቡን መግቢያ አጥልቆ ለመቆፈር ዕቅድ ሲወጣ፣ የተቀበረው ባዜቃ ይነሳብናል ብለው ዊልሰን በ2021 እንደገና የረሃብ አድማ አድርገዋል። በደለል ላይ ያለ ብክለት ክፉ ጠባዩ ይህ ነው፤ ቢተዉትም ጣጣ፣ ቢነካኩትም ጣጣ።

በዓለም ደረጃ ደግሞ ጥሬ እንክብልን አጥብቆ የሚይዝ ስምምነት ገና የለም። በ2021 ኮሎምቦ ፊት ለፊት የተቃጠለችው ኤክስፕሬስ ፐርል የተባለችው መርከብ 1,680 ቶን ገደማ እንክብል በስሪላንካ ባሕር ላይ በትናለች። የተባበሩት መንግሥታት የፕላስቲክ ውል ድርድር በኦገስት 2025 ጄኔቫ ላይ ያለ ስምምነት ተበትኗል።

ያው ኩባንያ፣ ሌላ ባሕር

አሁን ወደ ቬትናም። ሃ ቲን በተባለው ክፍለ ሀገር ትልቁን ድርሻ የፎርሞዛ ፕላስቲክ ግሩፕ የያዘው የብረት ፋብሪካ አለ። በአፕሪል 2016፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ የአራት ክፍለ ሀገር የባሕር ዳርቻ በሞተ ዓሣ ተሸፈነ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ልብ በሉ፣ በብዛት የሞቱት ሥር የሚኖሩት ዓሦች ነበሩ። በኋላ መንግሥት ራሱ እንዳመነው፣ ከፋብሪካው የወጣው ፌኖልና ሳያናይድ ከብረት ዝቃጭ ጋር ተጣብቆ፣ ከባሕር ውሃ ስለሚከብድ በባሕሩ ወለል ላይ እየተሳበ ወደ ደቡብ ወርዷል። የዚህኛው መርዝ ምንጭ ፕላስቲክ አይደለም፤ አካሄዱ ግን ያው ነው፤ የሚጠጋበት ነገር አግኝቶ ከሥር መተኛት።

የመጀመሪያው የመንግሥት መግለጫ ምን አለ? የአልጌ መብዛት ሊሆን ይችላል አለ! አንድ የኩባንያው ኃላፊ ደግሞ ዓሣና ሽሪምፕ ወይም ዘመናዊ የብረት ፋብሪካ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፣ ምረጡ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ፤ ከሥራውም ተባረረ። ሕዝቡ "ዓሣን መርጫለሁ" እያለ አደባባይ ወጣ። ፖሊስ መታ፣ አፈሰ፣ አሰረ። በጁን ማብቂያ ላይ ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተስማማው ግን ከመንግሥት ጋር ነው፤ ዓሣ አስጋሪው በድርድሩ አልነበረም።

ቴክሳስ ላይ ናሙና ለቃሚዋ ሽልማት ሲደርሳቸው፣ ቬትናም ላይ መዝጋቢዎቹ የደረሳቸው ሌላ ነው። የተቃውሞ ሰልፉን በድሮን ቀርጾ ያሳየው ወጣት ጋዜጠኛ ንጉየን ቫን ሆዋ 7 ዓመት ተፈረደበት። የተጎጂዎችን ሰልፍ ያስተባበረው ሆዋንግ ዱክ ቢን 14 ዓመት። "እናት እንጉዳይ" በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው ንጉየን ንጎክ ንሁ ኩዊን፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በኦክቶበር 2016 ተይዛ በጁን 2017 "በመንግሥት ላይ ፕሮፓጋንዳ ማካሄድ" በሚል 10 ዓመት ተፈረደባት። ክሷ ውስጥ ከተቆጠሩት ጽሑፎች መካከል የፎርሞዛ ጉዳይ ይገኝበታል። የክሱ ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም።

በኦክቶበር 2018 ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ተወስዳ ከእናቷና ከልጆቿ ጋር ተሰደደች። ያረፈችው ሂውስተን ነው። ከላቫካ ቤይ ሁለት ሰዓት መንገድ።

በ2019 ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ የቬትናም ተጎጂዎች ኩባንያውን በገዛ አገሩ በታይዋን ከሰሱት። የታይዋን ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን ማየት እንችላለን አሉ፤ ነገር ግን የከሳሾቹ የውክልና ሰነድ በቬትናም በኩል በሕጋዊ መንገድ ተረጋግጦ እንዲመጣ ጠየቁ። በኤምባሲ መስኮት ፊት ውክልና ለማሳተም ተሰልፎ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። መንግሥቱን የሚፈራ ዓሣ አስጋሪ፣ መንግሥቱ የሚያውቀውን ማኅተም ይዞ እንዲመጣ ማለት ነው። ክሱ በዚሁ ምክንያት ዓመታት ተጓተተ።

ዳያን ዊልሰን በ2023 ጎልድማን የተባለውን ከፍተኛ የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ በ75 ዓመታቸው፣ ፖይንት ኮምፈርት በሚገኘው የፎርሞዛ በር ፊት ወንበር ዘርግተው ሌላ የረሃብ አድማ ጀመሩ። በዚህኛው አድማ የጠየቁት ለቴክሳስ ሽሪምፕ አስጋሪዎች አልነበረም፤ ካሳ ላልደረሳቸው የቬትናም ዓሣ አስጋሪዎች ነበር።